ከአንድ እናት የተገኙ ሁለት እንጆሪዎች፦ የበቀሉበት አገር መዓዛቸውን እንደለወጠው በቤት ውስጥ እንዴት እንፈትሻለን?

ሐዋሳ ውስጥ ቡና ሲጠጣ ሁሌም የሚነሳ ክርክር አለ። ስኒው ገና አፍ ሳይደርስ አንዱ «ይሄ የበንሳ ነው» ይላል፣ ሌላው «ኧረ የይርጋጨፌ ነው» ብሎ ይመልሳል። ቡና የበቀለበት አገር መዓዛውን እንደሚለውጠው ለማመን ማስረጃ የሚጠይቅ ሰው አላየሁም። እንጆሪ ላይ ስንደርስ ግን ቀለሙን ብቻ አይተን እንገዛለን። ቀይ ከሆነ በቃ።

እኔም ከሲዳማ ደጋ፣ ከሀገረ ሰላም እስከተመለስኩባት ቀን ድረስ እንደዛው ነበርኩ። አክስቴ እዛ ነው የምትኖረው። ልሰናበታት ስል በኮባ ጠቅልላ ሁለት እፍኝ የሚሆን እንጆሪ ሰጠችኝ። ሚኒባሱ ገና ከመናኸሪያ ሳይወጣ ሽታው መኪናውን ሞላው። ከኋላዬ የተቀመጡ እናት ትከሻዬን ነካ አድርገው «ልጄ፣ ምንድነው እንዲህ የሚያውደው?» አሉኝ። ኮባውን ገልጬ አቀረብኩላቸው። አንድ ፍሬ አነሱ፣ አሸተቱት፣ ከዚያ ሳይበሉት በእጃቸው እንደያዙት ብዙ መንገድ ሄድን።

የገረመኝ ደግሞ ሌላ ነው። ያ እንጆሪ ከእኔው ግቢ የሄደ ነው። ዓመት ሳይሞላው ሐዋሳ ካለው መደቤ ሦስት ችግኝ ነቅዬ የወሰድኩላት እኔ ነኝ። እናቱ አንድ ናት፣ አገሩ ሁለት። የእኔው ግን አፍንጫ ላይ ካላስጠጉት መኖሩም አይታወቅም።

ወዲያው «በቃ፣ ደጋ ይበልጣል» ብዬ ደመደምኩ። ቸኩዬ ነበር። የእሷ የዛን ዕለት ጠዋት የተለቀመ፣ ጥንቅቅ ብሎ የበሰለ ነው። የእኔን ደግሞ ወፍ እንዳይቀድመኝ እያልኩ ግማሹ ነጭ ሳለ ነበር የምለቅመው። እንግዲህ ልዩነቱ የአገሩ ይሁን የአለቃቀሙ በምን ይታወቃል? ይህን ለመለየት ሁለት በጋ ፈጀብኝ። እናንተ በአንዱ እንድትጨርሱት አሠራሩን ከነምክንያቱ ላስቀምጥላችሁ።

አንድ ነገር ከወዲሁ። እዚህ «እንጆሪ» የምለው በመደብ የሚተከለውን፣ በሱቅ ስትሮቤሪ የሚባለውን ነው። በደጋ አጥርና ጫካ ዳር የሚበቅለው እሾሃሙ እንጆሪ፣ ኦሮሚኛ ተናጋሪዎች ጎራ የሚሉት፣ የራስቤሪና የብላክቤሪ ወገን ነው። መዓዛው ድንቅ ነው፣ ግን ሌላ ተክል ነው። ሁለቱን አወዳድራችሁ «አገሩ ለወጠው» ማለት አይቻልም።

አፍንጫችሁ ምን ይፈልግ?

እንጆሪ ውስጥ ከ300 በላይ የሚተኑ ውህዶች ተለይተው ታውቀዋል። አብዛኞቹ መጠናቸው ትንሽ ስለሆነ አፍንጫችን አይሰማቸውም። እንጆሪን እንጆሪ የሚያሰኙት 20 ቢሆኑ ነው። ስማቸውን መሸምደድ አያስፈልግም። ሽታቸውን ግን ጓዳችሁ ካለ ነገር ጋር ማዛመድ ትችላላችሁ፣ ያለዚያ «ደስ ይላል» ከማለት አታልፉም።

መጀመሪያ ፉራኒዮል። ስኳር ድስት ላይ ቀልጦ ወርቅማ ሲሆን የሚወጣውን ሽታ አስታውሱ፣ እሱ ነው። አናናስ ውስጥም አለ። ፍሬው ይህን የሚሠራው ከራሱ ስኳር ነው፣ የሚሠራውም መጨረሻ ላይ፣ መብሰሉን ሲያገባድድ ነው። ስለዚህ ግማሽ ቀይ ሆኖ የተለቀመ እንጆሪ ፉራኒዮሉ ገና አልደረሰለትም። እንጆሪ እንደ ሙዝ ወይም እንደ አቮካዶ ከተለቀመ በኋላ አይበስልም። መስኮት ላይ ብታስቀምጡት ይቀላል፣ ያ ቀለም ብቻ ነው። ስኳሩ አይጨምርም።

ኤስተሮች ቀጥለው ይመጣሉ። ኢቲል ቡታኖኤት፣ ሜቲል ቡታኖኤት እና መሰሎቻቸው የአናናስ፣ የፖም፣ የልጆች ከረሜላ ሽታ ያላቸው ናቸው። ሳጥኑን ስትከፍቱ ቀድመው የሚመጡት እነሱ ናቸው፣ ቀድመው የሚጠፉትም እነሱ ናቸው።

አበባ አበባ የሚለው ሊናሎል ነው። ድንብላል መዳፋችሁ ላይ ፈግጋችሁ አሽትቱ፣ ወይም ቅቤ ሲነጠር የሚጨመረውን ኮሰረት። የሁለቱም ዘይት በብዛት ሊናሎል ነው። ኮክ ኮክ የሚለው ጋማ ዴካላክቶን ይባላል። ይህን ጨርሶ የማይሠሩ የእንጆሪ ዝርያዎች አሉ፣ የትም ብትተክሏቸው አያመጡትም። አዲስ የታጨደ ሣር የሚሸቱት ሄክሳናልና ሄክሰናል ደግሞ ጥሬ ፍሬ ላይ ይበረታሉ፣ ፍሬው ሲጨፈለቅም ወዲያው ይፈጠራሉ። ይህን የመጨረሻውን ያዙት፣ ፈተናው ላይ እንመለስበታለን።

አገሩ ምን ያደርጋል?

ከምድር ወገብ የራቅነው 7 ዲግሪ ገደማ ብቻ ነው። የቀናችን ርዝመት ዓመቱን ሙሉ ከ12 ሰዓት ብዙም አይርቅም። ሩቅ ሰሜን ያሉ አገሮች በክረምትና በበጋ የሚያገኙትን የሙቀት ልዩነት እኛ ተራራ በመውጣትና በመውረድ እናገኘዋለን። በየ100 ሜትሩ ከፍታ ሙቀቱ በአማካይ 0.65 ዲግሪ ይቀንሳል። ሐዋሳ 1,700 ሜትር ገደማ ላይ ናት። ሀገረ ሰላም ከእሷ 1,000 ሜትር ያህል ትበልጣለች። እንግዲህ የአክስቴ ግቢ ከእኔው በ6 ዲግሪ ገደማ ይቀዘቅዛል ማለት ነው።

ይህ ቅዝቃዜ ፍሬውን ያዘገየዋል። አበባው ከፈካ እስኪበስል ያለው ጊዜ ይረዝማል፣ ቅጠሉም በዚያ ጊዜ ሁሉ ስኳር እያመረተ ይልክለታል። ሌሊቱ ደግሞ የራሱ ሥራ አለው። ተክል ሌሊትም ይተነፍሳል፣ ሲተነፍስ ቀን የሠራውን ስኳር ያቃጥላል፣ ሌሊቱ በሞቀ ቁጥር የሚያቃጥለው ይበዛል። ቀን ደማቅ ፀሐይ፣ ሌሊት ብርድ የሆነበት አገር ለእንጆሪ የሚመቸው ለዚህ ነው። የቀን ሙቀት ከ20 እስከ 25፣ የሌሊቱ ከ10 እስከ 15 ዲግሪ ሲሆን ደስ ብሎት ያፈራል። ከ30 ሲያልፍ ይቸኩላል፣ ፍሬው ያንሳል፣ መዓዛውም ይሳሳል።

ግን ደጋ ሁሉ ጥሩ ነው ብዬ አልዋሻችሁም። ጉምና ደመና ሲበዛ ፀሐይ የለም፣ ፀሐይ ከሌለ ስኳር የለም። ዝናብ ሲበዛ ፍሬው ውኃ ይጠጣና መዓዛው ይቀጥናል፣ ግራጫ ሻጋታም ይመታዋል። ሐምሌ ላይ ከደጋ የሚመጣ እንጆሪ ታኅሣሥ ላይ ሐዋሳ በተለቀመ እንጆሪ በቀላሉ ሊበለጥ ይችላል።

ነገሩ የእኛ አገር ብቻ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2005 የወጣ አንድ ጥናት ቺካሶ የሚባለውን አንድ የብላክቤሪ ዝርያ አሜሪካ ውስጥ ኦሪገን እና አርካንሶ ከበቀለበት ወስዶ አነጻጽሮታል። ማሽኑ ውህዶቹን አንድ በአንድ ይለያል፣ ሰው ደግሞ ከማሽኑ የሚወጣውን በአፍንጫው ይከታተላል። የሁለቱ አገር ፍሬ በአብዛኛው አንድ ዓይነት ውህዶች ነበሩት። ኢቲል ቡታኖኤት፣ ሊናሎል እና የተቀቀለ ድንች የሚሸተው ሜቲዮናል በሁለቱም ጠንክረው ወጡ። ከዚያ ወዲያ ግን ኦሪገን ላይ ፉራኒዮል ሲጎላ፣ አርካንሶ ላይ ጽጌረዳ የሚሸተው ጄራኒዮል እና የበሰለ ፖም የሚመስለው ቤታ ዳማሴኖን ጎሉ። ወጡ ያው ነው፣ የቅመሙ መጠን ነው የተለየው። እናንተም በቤታችሁ የምትፈልጉት ይህንን ነው። አዲስ ሽታ አትጠብቁ፣ የትኛው እንደጨመረና የትኛው እንደቀነሰ አዳምጡ።

1. አንዲት እናት ምረጡ

ከሁሉ የሚበልጠው ደረጃ ይህ ነው፣ ብዙ ሰው የሚዘለውም ይህንን ነው። ከገበያ ሁለት ዓይነት እንጆሪ ገዝቶ ማወዳደር ስለ አገር ምንም አይነግራችሁም፣ ዝርያቸው የተለያየ ሊሆን ይችላልና።

እንጆሪ ግን ትልቅ ውለታ ይውልልናል። መሬት ለመሬት ቀጭን ሐረግ ይዘረጋል፣ ሐረጉ አፈር የነካበት ቦታ ሥር ሰዶ አዲስ ተክል ይሆናል። ይህ ልጅ ከእናቱ ጋር በዘር ፍጹም አንድ ነው። እንግዲህ ጤነኛ እናት ምረጡ፣ ቢያንስ 6 ልጆቿን ሥር እስኪሰዱ ጠብቁ፣ ከዚያ ቁረጧቸው። 3 ለቆላው ወይም ለወይና ደጋው፣ 3 ለደጋው። መጠናቸው ተቀራራቢ ይሁን።

ሐዋሳ ያላችሁ ወደ ሀገረ ሰላም ወይም ወደ አርቤጎና ዘመድ ፈልጉ። አዳማ ያላችሁ አሰላን ተጠቀሙ፣ ቅርብ ነው፣ ከፍታውም ከአዳማ 700 ሜትር ያህል ይበልጣል።

2. አፈሩን አንድ አድርጉት

አፈርና የበሰለ ብስባሽ በአንድ ቦታ ደባልቁ፣ ከዚያ ለሁለት ጆንያ አካፍሉት። አንዱ እናንተ ጋ ይቀራል፣ አንዱ ከችግኙ ጋር ተራራ ይወጣል። ከባድ ነው፣ አውቃለሁ። አክስቴ ጆንያው ሲወርድ አይታ «እኛ አገር አፈር ጠፋ ብለውሽ ነው?» ብላኛለች። ግን አፈሩ ከተለያየ ልዩነቱ የአየሩ ይሁን የአፈሩ አታውቁም። በ10 ሊትር ባልዲ፣ ታቹ በተበሳ፣ አንድ አንድ ተክል ይበቃል። ባልዲዎቹ ቀለማቸው አንድ ይሁን፣ ጥቁር ባልዲ ፀሐይ ላይ ሥሩን ይቀቅለዋል።

ዩሪያ አትጨምሩ። አበባ ከጀመረ በኋላ የተሰጠ ዩሪያ ቅጠሉን ያሰማምረዋል፣ ፍሬውን ውኃ ያደርገዋል።

ውኃ ላይ ተጠንቀቁ። በስምጥ ሸለቆ ብዙ የከርሰ ምድር ውኃ ጨውና ፍሎራይድ ይበዛበታል፣ እንጆሪ ደግሞ ጨው አይችልም፣ የቅጠሉ ዳር ይቃጠላል። እኔ የክረምቱን ዝናብ ከጣሪያ አጠራቅሜ በርሜል ውስጥ አቆያለሁ። መጠኑን በጣታችሁ ለኩ፤ ጣት እስከ ሁለተኛው አንጓ አስገብታችሁ ደረቅ ከሆነ አጠጡ፣ እርጥብ ከሆነ ተዉት። ሐዋሳ ላይ ቶሎ ቶሎ ይደርቃል፣ ደጋ ላይ ይቆያል፣ ስለዚህ በቀን ቁጥር አትስማሙ፣ በጣት ተስማሙ።

መስከረም መጨረሻ ላይ ትከሉ። ዝናቡ ሲቀር ይይዛል፣ የበጋው ደረቅ ወራት ላይ ያፈራል።

3. ክር እሰሩ፣ ሙቀት ጻፉ

ይህን ደረጃ በጣም ነው የምወደው። አበባው በፈካበት ቀን ግንዱ ላይ ላላ አድርጋችሁ ባለ ቀለም ክር እሰሩና ቀኑን ጻፉ። ፍሬው ትከሻው ድረስ ቀልቶ በተለቀመበት ቀን ደግሞ ጻፉ። መሐሉን ቁጠሩ።

የእኔዎቹ 4 ሳምንት አካባቢ ነበር የፈጀባቸው። በ27ኛው ቀን የመጀመሪያውን ለቅሜ ለአክስቴ ስደውል ሳቀች። «ልጄ፣ ያንቺው ቸኮለ እንጂ የኔው ገና ነጭ ነው» አለችኝ። የእሷ 40 ቀን ሊሞላው አንድ ቀን ሲቀረው በሰለ። ያን ስሰማ ነው ነገሩ በእውነት የገባኝ። የእሷ ፍሬ ከእኔው 12 ቀን አስበልጦ ከእናቱ ጡት ሳይወርድ ቆይቷል።

ቴርሞሜትር ካላችሁ ጠዋት 12 ሰዓት እና ከሰዓት 8 ሰዓት ላይ በጥላ ሥር የሚያሳየውን ጻፉ። በሳምንት ሦስት ቀን ይበቃል። የሁለቱ ቁጥር ልዩነት፣ በተለይ የጠዋቱ፣ በኋላ ያሸተታችሁትን ያስረዳችኋል።

4. በአንድ ሰዓት ልቀሙ

ስልክ ተደዋወሉና በሁለቱም ቦታ በአንድ ጠዋት፣ ጤዛው ሲደርቅ፣ 2 ሰዓት ተኩል አካባቢ ልቀሙ። አረንጓዴውን ቆብ ቀና አድርጉና ሥሩን እዩ። ትከሻው ላይ ነጭ ቀለበት ካለ አልበሰለም፣ ይቆይ። ከነቆቡና ከትንሽ ግንዱ ጋር ቁረጡት፣ ፍሬውን አትጭመቁ። አትጠቡት። ከመልቀማችሁ በፊት ባሉት 2 ቀናት በአንዱ ቦታ ከባድ ዝናብ ከጣለ ቀኑን አሳልፉት።

ሰፊ፣ ጥልቀት የሌለው ዕቃ ውስጥ በአንድ ረድፍ ደርድሩት። ፌስታል ፈጽሞ አይሆንም። ፌስታል ውስጥ ይታፈናል፣ አየር ሲያጣ አልኮል አልኮል መሽተት ይጀምራል፣ ያ ሽታ ደግሞ ሁሉንም ይሸፍናል።

የደጋው ፍሬ ወደ እናንተ እስኪመጣ የሐዋሳው ይጠብቀው። ከዛፍ ጥላ ሥር፣ ከቤት ውጪ፣ በተመሳሳይ ዕቃ። ፍሪጅ ውስጥ አታስገቡት። የመጀመሪያው ዓመት የወደቅኩት እዚህ ላይ ነው። የሐዋሳውን «እንዳይበላሽ» ብዬ ፍሪጅ አስገባሁት። ማታ ስንፈትሽ ሁሉም ሰው ትክክል ለየ፣ እኔም ደስ አለኝ። በኋላ ጎረቤቴ ስኒውን ይዛ «ይሄኛው እኮ ቀዝቃዛው ነው፣ ሽንኩርትም ይሸታል» አለች። ሰዉ የለየው ፍሪጁን ነበር። ቀዝቃዛ ፍሬ ውህዶቹ በደንብ አይተኑለትም፣ ስለዚህ ሽታው ይቀንሳል፤ የፍሪጅ ሽታ ደግሞ ይጨመርበታል። ያ ሁሉ የወራት ልፋት በአንድ ቀን ገደል ገባ።

5. ቤቱን አዘጋጁ

ፈተናውን ቡና ከመፈላቱ በፊት አድርጉ። የቡና ቁሌትና የእጣን ጭስ ካለ ምንም አይሰማችሁም። በርበሬ እየታመሰ ከሆነ ለሌላ ቀን አስተላልፉት። ፈታኞቹ ሽቶ አይቀቡ፣ እጃቸውን ሽታ በሌለው ነገር ይታጠቡ፣ ከመጀመራቸው ግማሽ ሰዓት በፊት አይብሉ።

ነጫጭ የቡና ስኒዎች ለዚህ ሥራ የተሠሩ ይመስላሉ። ትንሽ ናቸው፣ አፋቸው ሰብሰብ ያለ ነው፣ ማስቀመጫቸውን ደግሞ ገልብጣችሁ ክዳን ታደርጉታላችሁ። በየስኒው ሁለት ፍሬ ክተቱ፣ ክደኑ፣ 10 ደቂቃ ይቆይ። ታቹ ላይ በእስክሪብቶ ባለ ሦስት አሃዝ ቁጥር ጻፉ፣ 417 ወይም 862። «ሀ» እና «ለ» ካላችሁ ሰው የመጀመሪያውን ይመርጣል።

6. ሦስት ስኒ፣ አንድ የተለየ

ለእያንዳንዱ ሰው ሦስት ስኒ አቅርቡ። ሁለቱ የአንድ አገር ናቸው፣ አንዱ የሌላው። ጥያቄው አንድ ብቻ ነው፤ «የተለየው የቱ ነው?» የቱ ይጣፍጣል ብላችሁ አትጠይቁ፣ ገና ነው። ግማሹ ሰው ላይ የሐዋሳው ሁለት ይሁን፣ ግማሹ ላይ የደጋው። የፍሬዎቹ መልክ የሚለያይ ከሆነ ዓይናቸውን በሻሽ ሸፍኑ። በስኒና በስኒ መካከል ንጹሕ አየር መሳብ ይበቃል፣ ወይም የራሳቸውን ክንድ ያሽትቱ። ቡና ማሽተት አፍንጫ ያጸዳል የሚባለው ከንጹሕ አየር የተሻለ ሆኖ አልተገኘም።

በጭፍን የሚገምት ሰው ከሦስት አንዴ ይመታል። ስለዚህ ቁጥሩን በዚህ ዳኙ። 9 ሰው ካለ ቢያንስ 6ቱ፣ 12 ሰው ካለ ቢያንስ 8ቱ በትክክል ከለዩ ልዩነቱ እውነት ነው ማለት ትችላላችሁ። በዕድል ብቻ እዚህ መድረስ ከ100 ጊዜ 5 እንኳ አይሞላም። ከዚያ ካነሰ «ልዩነት አላገኘንም» በሉና ጻፉት። እሱም ውጤት ነው።

ሁለተኛው ዓመት እኔ ቤት 9 ሰው ነበርን፣ ቤተሰብና ጎረቤት። 7ቱ ለዩ።

7. አሁን ሽታውን ስም ስጡት

ልዩነት መኖሩ ከተረጋገጠ ብቻ ወደዚህ እለፉ። በቅደም ተከተል አድርጉት።

ሙሉውን ፍሬ መጀመሪያ አሽትቱ፣ ኤስተሮቹን እዚህ ነው የምታገኟቸው። ከዚያ በሹካ ጨፍልቁትና ወዲያው አሽትቱ፣ ካራሜላውና አበባው ይወጣል። 5 ደቂቃ ቆይታችሁ እንደገና አሽትቱ። አሁን ሣር ሣር ካለ አትደንግጡ፣ ፍሬው ሲቆስል የሚሠራው ነው፣ የአገሩ አይደለም። ለዚህ ነው ሁለቱን በአንድ ጊዜ መጨፍለቅ ያለባችሁ። አንዱ ቀድሞ ከተጨፈለቀ ውድድሩ ተበላሸ።

በመጨረሻ የሚበላው። አፍንጫችሁን በሁለት ጣት ያዙ። ፍሬውን አፋችሁ ውስጥ አስገብታችሁ አኝኩ። ጣፋጭና ኮምጣጣ ብቻ ነው የምታገኙት፣ እንጆሪ ይሁን ሌላ ነገር አታውቁትም። ሳትውጡ አፍንጫችሁን ልቀቁና በአፍንጫ አስወጡ። ያን ጊዜ እንጆሪው ድንገት ይመጣል፣ ከጉሮሮ ወደ ላይ፣ እንደተከፈተ በር። የአሥር ዓመት የእህቴ ልጅ ይህን ስታደርግ ዓይኗ ፈጦ ሦስት ጊዜ ደገመችው። ያ የመጣው ነገር ሁሉ መዓዛ ነው። አንዳንዶቹ ውህዶች ስኳር ሳይጨመር ፍሬውን የበለጠ ጣፋጭ ያስመስሉታል፣ ስለዚህ «ይሄኛው ይጣፍጣል» የሚል ሰው ስኳሩን ሳይሆን መዓዛውን እየነገራችሁ ሊሆን ይችላል።

ለካራሜላ፣ ለአናናስ፣ ለአበባ፣ ለኮክ፣ ለሣር ከ0 እስከ 5 ነጥብ ስጡ። እያንዳንዱ ሰው ሳይነጋገር ይጻፍ፤ አንድ ድምፁ የሚሰማ አጎት «ኮክ ነው!» ካለ ሁሉም ኮክ ይሸተዋል።

የእኛ ወረቀቶች ላይ የደጋው ካራሜላና አበባ ላይ በለጠ። አናናስ ላይ ግን የሐዋሳው አልተናነሰም፣ እንዲያውም ሁለት ሰው ለሐዋሳው ከፍ ያለ ሰጠ። ኮክ ሁለቱም ላይ ዜሮ ነበር፣ እናታቸው የላትም ማለት ነው። ሚኒባስ ውስጥ «ደጋ ይበልጣል» ብዬ የደመደምኩት ግማሹ ብቻ ነበር እውነቱ።

በሌላ ቀን ለቅማችሁ ቢያንስ ሁለት ጊዜ ድገሙት። የአንድ ቀን ፍሬ የአንድ ሳምንት አየር ነው የሚነግራችሁ።

8. ያገኛችሁትን ሥራ ላይ አውሉት

ገበያ ላይ ከቀለሙ በፊት ሦስት ነገር ጠይቁ፤ የት በቀለ፣ መቼ ተለቀመ፣ ፍሪጅ ገብቷል ወይ። ከዚያ ቆቡን አንሥታችሁ ትከሻውን እዩ። ሻጯ «እህቴ፣ አሽትቺው» ካለች ጥሩ ምልክት ነው። የማያሸትቱበት ሳጥን፣ በፕላስቲክ የታሸገ፣ ለእኔ አይሆንም። ከሆለታ አካባቢ ተነስቶ ሐዋሳ የሚደርስ እንጆሪ 300 ኪሎ ሜትር ያህል ይጓዛል፣ መንገዱን እንዲችል ሳይበስል ይለቀማል። የደጋ ፍሬ ቢሆንም ደጋው የሰጠውን ሳይጨርስ ነው የመጣው። እንዲህ ካለው ይልቅ እዚሁ ጎረቤት በስሎ የተለቀመውን እመርጣለሁ።

ማርማላታ የምትሠሩ ከሆነ ኤስተሮቹ በእንፋሎት እንደሚሄዱ አትርሱ። ቤቱ ደስ የሚል ሽታ ሸተተ ማለት ከድስቱ ወጣ ማለት ነው። ካራሜላው ግን እሳት ይችላል። ስለዚህ መዓዛው የበዛውን ጥሬውን ብሉ፣ መካከለኛውን ቀቅሉ።

ሐዋሳ ላይ ሆናችሁ ደጋን ትንሽ ማምጣት ትችላላችሁ። ባልዲውን የጠዋት ፀሐይ የሚያገኝ፣ ከ8 ሰዓት በኋላ ጥላ የሚሆንበት ቦታ አዙሩት። ከፕላስቲክ ይልቅ የሸክላ ማሰሮ ተጠቀሙ፣ ከሸክላው ውኃ ሲተን ሥሩን ያቀዘቅዛል። አፈሩን በጤፍ ጭድ ሸፍኑት። ፍሬው መቅላት ሲጀምር ውኃውን ቀነስ አድርጉ፣ ቅጠሉ ግን አይጠውልግ። ወፍ ቀድሞ እንዳይበላባችሁ በአሮጌ ስስ መጋረጃ ሸፍኑትና ትከሻው እስኪቀላ ታገሡ። የሐዋሳ ሌሊት ኅዳርና ታኅሣሥ ላይ በደንብ ይቀዘቅዛል፣ ዋናውን ምርት ወደዛ ወራት ካመጣችሁት ግማሹን መንገድ ሄዳችኋል።

እኔ ዘንድሮ እንዲህ አድርጌ 31 ቀን አደረስኩት። 4 ቀን ጨምሬያለሁ። የመጀመሪያዎቹን ስድስት ፍሬ በኮባ ጠቅልዬ ለአክስቴ ልኬላታለሁ፣ አፍንጫዋን ይዛ እንድታኝክ ነግሬያታለሁ፣ ማታ ስትደውል ነጥቡን ትነግረኛለች።